አጥንት መግጠሙን የማወቅ ታሪክ፦ ከወጌሻው እጅ እስከ ውጫዊው መደገፊያ

መግቢያ

የተሰበረ አጥንት ኤክስተርናል ፊክሳተር በሚባለው ውጫዊ መደገፊያ ሲያዝ ሐኪሙን የሚያሳስቡት ሁለት ቀኖች ናቸው። አንደኛው መሣሪያው የሚገጠምበት፣ ሁለተኛው የሚወጣበት ቀን ነው። የመጀመሪያው በድንገተኛ ክፍል በግድ ይመጣል፤ ሁለተኛውን ግን ሐኪሙ ራሱ መቁረጥ አለበት። ቀድሞ ቢወጣ አጥንቱ ይጎብጣል ወይም ዳግም ይሰበራል። ቢዘገይ ደግሞ ፒኖቹ የገቡበት ቦታ ያመረቅዛል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ገበሬው ከእርሻው ይቀራል። «አጥንቱ ገጥሟል» ለማለት ሙያው በየዘመኑ በምን ምልክት ላይ እንደተመረኮዘ መመልከት ለዛሬው ውሳኔ ይጠቅማል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወጌሻው እጅ

በጎንደር ከተማም ሆነ በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ደጋ የስብራት የመጀመሪያው ሙያተኛ ወጌሻው ነው። አጥንቱን በእጁ አቅንቶ በሸምበቆ ወይም በቀርከሃ ስንጥር ያስራል፤ በየጊዜው እየፈታ ያያል፣ ያሻል፣ መልሶ ያስራል። መለኪያው ጣቱና የበሽተኛው ሕመም ነው። ስንጥሩ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደም ተቋርጦ እግር ወይም እጅ እስከ መቆረጥ የሚያደርስ አደጋ መኖሩን የአገራችን ሐኪሞች በተደጋጋሚ ዘግበዋል። ሆኖም «መቼ ይፈታ?» የሚለውን ጥያቄ ከማናችንም በፊት የጠየቀው እርሱ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ጥያቄው የሌላውም አገር ነበር። በናይጄሪያ አንዳንድ የባህል አጥንት ጠጋኞች የዶሮ እግር ሰብረው እንደ በሽተኛው እግር ያስሩና፣ ዶሮዋ ስትራመድ የበሽተኛውን ማሰሪያ ይፈቱ እንደነበር ተመዝግቧል። የዶሮ አጥንት ከሰው አጥንት ፈጥኖ ስለሚገጥም ምልክቱ ያሳስታል። ፍላጎቱ ግን የእኛው ነው፤ በእግሩ ውስጥ ያለውን ከውጭ ሆኖ የሚያሳይ አንድ እርግጠኛ ምልክት ማግኘት።

ኮሌጁና መሣሪያው

በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ። የተቋቋመው ወረርሽኝን ለመከላከል እንጂ ስብራትን ለመጠገን አልነበረም። የሐኪሞች ትምህርት የተጀመረው በ1978፣ በወቅቱ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ይባል ከነበረው የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ተቋሙ በ2004 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

መሣሪያው ግን ከዚህ በፊት ረጅም መንገድ ተጉዟል። ፈረንሳዊው ማልጌኝ በ1840 የቅልጥም አጥንትን ከውጭ በብረት ሹል ለመያዝ ሞከረ። በ1897 ፓርክሂል በአሜሪካ፣ በ1902 ላምቦት በቤልጅግ ፒንና ዘንግ ያለው መደገፊያ ሠሩ። በ1938 የጄኔቫው ሆፍማን ስብራቱን ሳይከፍቱ ከውጭ ለማቃናት የሚያስችለውን ዓይነት አቀረበ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ኢሊዛሮቭ በኩርጋን፣ በቀለበትና በቀጭን ሽቦ በተያዘ እግር ሕሙማንን ማራመድ ጀመረ፤ ምዕራብ አውሮፓ ግን ዘዴውን በሚገባ ያወቀው በ1981 በጣሊያን ከተደረገ ጉባኤ በኋላ ነው።

ራጅና ቁጥር

ሮንትገን በ1895 ራጅን ካገኘ ወዲህ ብዙዎች ጥያቄው የተመለሰ መስሏቸው ነበር። በፊክሳተር ግን ራጅ ያታልላል። መደገፊያው እጅግ ጠንካራ ሲሆን አጥንቱ ካለስ የሚባለውን አዲስ አጥንት ብዙም ሳያሳይ ሊገጥም ይችላል። ብረቱ ስብራቱን ይሸፍናል፤ አንዱን ፊልም ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ ሊያነቡት ይችላሉ።

በ1994 ሪቻርድሰንና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር ያወጡት ጥናት ጉዳዩን በቁጥር አሳየ። መሣሪያው በሐኪም ግምት ከወጣላቸው 117 የቅልጥም ስብራት ሕሙማን 8ቱ ዳግም ተሰበሩ። የአጥንቱ ጥንካሬ ተለክቶ፣ አንድ ዲግሪ ለማጉበጥ 15 ኒውተን ሜትር ሲጠይቅ ከወጣላቸው 95 ሕሙማን ግን አንድም አልተሰበረም። በ2010 ደግሞ የቅልጥምን አራት ኮርቴክሶች ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ እየሰጠ፣ ከ4 እስከ 12 የሚደምር የራጅ መመዘኛ ታተመ። የተዘጋጀው በውስጥ ዘንግ ለተያዘ ቅልጥም ስለሆነ ፊክሳተር ላለበት እግር በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል።

ለደጋው በሽተኛ

ይህ ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ምልክት ብቻ የተመካ ሁሉ ተሳስቷል። የጥንካሬ መለኪያው በእጃችን ባይኖርም ምልክቶቹን ማጣመር ግን እንችላለን። በሽተኛው ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ያለ ሕመም ይራመድ። ፒኖቹ አለመላላታቸው ይረጋገጥ፤ የላላ ፒን ራሱ ያማል፣ አጥንቱ ያልገጠመ ያስመስላል። በሁለት አቅጣጫ በተነሣ ራጅ ከአራቱ ኮርቴክሶች ቢያንስ ሦስቱ ተያይዘው ይታዩ። ከዚያ ዘንጎቹ ላልተው፣ ስብራቱ በእጅ ተፈትሾ፣ ፒኖቹ እንዳሉ በሽተኛው ለተወሰኑ ሳምንታት ይራመድ። ሕመም ካልተነሣና እግሩ ካልጎበጠ ፒኖቹ ይወጣሉ፤ ከወጡም በኋላ እግሩ ለጊዜው በጀሶ ወይም በምርኩዝ ይታገዝ። ክፍት ስብራት፣ የጠፋ አጥንት፣ ኢንፌክሽን፣ ስኳር በሽታ ወይም ማጨስ ካለ ትዕግሥቱ ይረዝማል።

ችግሩ ያለው «ለተወሰኑ ሳምንታት» በሚለው ላይ ነው። የጃናሞራ በሽተኛ ገደል ወርዶ፣ ዳገት ወጥቶ መኪና እስኪያገኝ ድረስ አንድ ቀጠሮ ከባድ ወጪና ድካም ነው። ለእርሱ በማዘን ብቻ የሙከራውን ጊዜ ዘልሎ ፒኑን በዚያው ቀን ማውጣት ይቀላል፤ ቅልጥሙ ዳግም ቢሰበር ግን ያንኑ ገደል በቃሬዛ ይመለሳል። ስለዚህ የሙከራው ጊዜ በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ መከታተል አለበት። የጤና መኮንኑና ነርሷ ሕመሙን ይጠይቁ፣ አረማመዱን ይዩ፣ የእግሩን ቅንነት ይመልከቱ፤ ሆስፒታሉም የሚፈለገውን በግልጽ ጽፎ ይላክላቸው። በ1954 ጎንደር ላይ የተጀመረው፣ ባለሙያን ሕዝቡ ወዳለበት የመላክ ሥራ ለወባ እንደበጀ ሁሉ ለስብራትም ይበጃል።