የመስቀል ዕለት አራት ጨዋታ

ጠጋ በሉማ፣ አንድ ሌሊት ላውጋችሁ። ቀኑ መስከረም 17 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2011። ቦታው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአጎቴ ሳሎን። ከዚያ ሳሎን ንቅንቅ ያለ ሰው አልነበረም፤ ባልቲሞርን፣ ፍሎሪዳን፣ አትላንታንና ሂውስተንን ግን በአንድ ሌሊት አዳርሰናቸዋል።

አጎቴን ጋሼ ነው የምላቸው። የዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ናቸው። ቤዝቦልን ቁጭ አድርጎ ያስተማራቸው ሰው የለም፤ እንግሊዝኛ ልልመድ ብለው የከፈቱት የታክሲያቸው ሬድዮ ነው ያስተማራቸው። መጀመሪያ ሰሞን ግራ ገብቷቸው እንደነበር ሲያወሩ፣ «እኛ አገር ገና ስንጫወት እያንዳንዱ ሰው ዱላ ነበረው። እዚህ ግን ዘጠኝ ሰው ዱላ ሳይዝ ሜዳ ላይ ተበትኖ አንዱን ባለ ዱላ ይጠብቃል። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጠብ ነው አልኩ» ይላሉ።

ልባቸውን የወሰደው ካል ሪፕከን ነው። ሪፕከን ለባልቲሞር ኦሪዮልስ 2,632 ጨዋታ በተከታታይ፣ አንድም ቀን ሳይቀር የተሰለፈ ሰው ነው። በ1995 (ዓመቱን በፈረንጅ እየቆጠርኩላችሁ ነው) የሉ ጌሪግን የ2,130 ክብረ ወሰን ያለፈ ዕለት ጋሼ ታክሲያቸውን ጥግ አስይዘው፣ ሞተሩን አጥፍተው አዳመጡ። «ሀብቱን አይደለም የወደድኩለት፤ ጠዋት ጠዋት መነሳቱን ነው» ይላሉ። እሳቸውም ከሥራ ቀርተው አያውቁም።

ችግሩ፣ ያ የወደዱት ቡድን ያን ጊዜ ከ1997 በኋላ ወደ ማጣሪያው ዙር ገብቶ አያውቅም ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ካሸነፈው የተሸነፈው ይበልጥ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ዋሽንግተን ናሽናልስ እንዲዞሩ ሲመክራቸው፣ «ሚስትና ቡድን አይለወጥም» ብለው መልሰዋል። እትዬ ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ፣ «ሚስትን ከቡድን አስቀድመህ መጥራትህም አንድ ነገር ነው» አሏቸው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር 162 ጨዋታ ይጫወታል። ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ በነበረው ደንብ ከሁለቱ ሊጎች እያንዳንዳቸው ሦስት የምድብ አሸናፊዎችን ያሳልፉና በአራተኛነት አንድ ተጨማሪ ቡድን ያስገባሉ፤ ዋይልድ ካርድ ይሉታል። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ሰሞን በአሜሪካን ሊግ ይህን ቦታ ቦስተን ሬድ ሶክስ ይዞት ነበር፣ ከታምፓ ቤይ ሬይስ በ9 ጨዋታ ርቆ። በናሽናል ሊግ ደግሞ አትላንታ ብሬቭስ ከሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ በ8 ጨዋታ ተኩል ይርቅ ነበር። ወር በማይሞላ ጊዜ 9 ጨዋታ ማባከን ከባድ ነው፤ የሞላ ጎተራ በአንድ ወር እንደማራገፍ ነው። ሁለቱም አራገፉት። የመስቀል ዕለት ጠዋት ቦስተንና ታምፓ እኩል 90 አሸንፈው 71 ተሸንፈዋል፤ አትላንታና ሴንት ሉዊስ እኩል 89 አሸንፈው 72 ተሸንፈዋል። ለሁሉም አንድ አንድ ጨዋታ ቀርቷቸዋል።

ቦስተን የመጨረሻዋን ጨዋታ የሚጫወተው ደግሞ ማን ቤት መሰላችሁ? ካምደን ያርድስ፣ ባልቲሞር። የምድቡ መጨረሻ በሆነው በጋሼ ቡድን ቤት።

በዓሉ ረቡዕ ላይ ስለዋለ ጾም ነው። እትዬ ሽሮና ምስር አቀረቡ፤ ያንን በላንና ምግቡ ከተነሳ በኋላ ላፕቶፑን መሶቡ ላይ ላስቀምጥ ስል እጄን መቱኝ። በርጩማ ሰጡኝ። ድልድላችን እንዲህ ነበር፦ ቴሌቪዥኑ የአካባቢያችንን ቻናል ይዞ ባልቲሞርን ያሳያል፤ በርጩማው ላይ ያለው ላፕቶፕ ፍሎሪዳን፤ ስልኬ አትላንታን፣ ያውም ሰው ሳይሆን ኳሷ ያረፈችበትን ነጠብጣብ ብቻ። ያን ጊዜ ሊጉ ራሱ የሚሸጠው የኢንተርኔት ቴሌቪዥን እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ላለ ሰው የባልቲሞርን ጨዋታ ይዘጋበት ነበር። አገር ሙሉ የሚያየውን፣ ጎረቤቱ ከፍሎም አያየውም ነበር። የዚህን ጥበብ እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም።

ሂውስተን ላይ ብዙ አላቆያችሁም። ሴንት ሉዊሶች ገና በመጀመሪያው ኢኒንግ፣ ከዘጠኙ ዙሮች በመጀመሪያው፣ አምስት አስቆጠሩ፤ ወርዋሪያቸው ክሪስ ካርፔንተር ጨዋታውን ብቻውን ከዳር እስከ ዳር ወርውሮ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ተመትቶበት 8 ለ 0 ጨረሰው። ልብሳቸውን ቀይረው አትላንታን ይጠብቁ ጀመር።

ፍሎሪዳም የሞተ ነገር መሰለ። ታምፓ ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር ነው። ያንኪስ ምድቡን አስቀድሞ አሸንፏል፣ የሚያስጨንቀው የለም፤ ማርክ ቴሼራ ሦስት ሰው ቤዝ ላይ እያለ ኳሷን ከአጥር አሻገራትና ብዙም ሳይቆይ 7 ለ 0 ሆነ። ባልቲሞር ውስጥ ቦስተን 3 ለ 2 ይመራል። ጋሼ፣ «በል ያን ማሽን ዝጋው፣ ሙቀቱን ነው የሚጨምርብን» አሉኝ። አልዘጋሁትም። ስንፍናም ጀግንነትም አይደለም፤ እጄ ላይ ስልክ ነበር።

በሰባተኛው ኢኒንግ ባልቲሞር ላይ ዝናብ መጣ። ሜዳው በሸራ ተሸፈነ። የፈጀው 1 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ነው፤ እትዬ እንደሆኑ ይህን ያህል ጊዜ በከንቱ አያሳልፉም። ረከቦቱን አቀረቡ፣ ቡና ቆሉ። ስለ ጨዋታው ምንም የማይጠይቁት እትዬ አቦሉን እየቀዱ፣ «እንዲያው ይሄ ያንተ ቡድን ቢያሸንፍ ምን ያገኛል?» አሉ።

«ምንም» አሉ ጋሼ። «93 ጊዜ ተሸንፎ ከመጨረስ ይልቅ... እንጃ፣ ቢያሸንፍም 93 ነው መሰለኝ።» ቆጠሩት። ልክ ነበሩ፤ በድልም ቢሆን 69 አሸንፎ 93 ተሸንፎ ነው የሚጨርሰው።

«ታዲያ ለምን ይለፋል?»

ጋሼ መልስ ፈለጉ፣ አጡ። እትዬ ስኒውን አቀበሏቸውና ራሳቸው መለሱት፦ «ቤቱ ነዋ! ሰው እንግዳ ፊት በገዛ ቤቱ ይዋረዳል?»

ቶናው ሲወርድ ላፕቶፑ ነፍስ ዘራ። ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ታምፓ አንድ አስገባ፣ ሁለተኛ አስገባ፣ ሦስተኛ አስገባ፣ ከዚያ ኢቫን ሎንጎሪያ ሁለት ሰው ይዞ ሆም ራን መታ፣ ኳሷን ከአጥር አሻገራት። 7 ለ 6። ጋሼ ከወንበራቸው ወርደው በርጩማው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ የስድሳ ዓመት ሰው።

ዘጠነኛው ላይ ታምፓ ሁለት አውት ሆኖበታል፤ ሁለት መቺ ወጥቶበታል፣ ሦስተኛው ከወጣ አበቃ። አሠልጣኙ ጆ ማደን ዳን ጆንሰን የተባለ ሰው አስነሳ። የዚያ ዓመት አማካዩ 0.108 ነው፤ ዱላ ይዞ ከወጣ አሥር ጊዜ ዘጠኙን ባዶውን የሚመለስ ሰው ማለት ነው። ሁለት ስትራይክ ደረሰበት። አንዲት ብቻ ቀረች። ጋሼ፣ «እንዴ፣ ሰው አለቀ?» አሉ። ጆንሰን የቀኙን ጥግ ይዞ ሸኛት። 7 ለ 7! በረካው ስኒ ላይ ቀዘቀዘ፤ እትዬ በዚያ እስከ ዛሬ ያኮርፋሉ።

ቤዝቦል የማለቂያ ሰዓት የለውም። ዳኛ ሰዓቱን አይቶ ፊሽካ አይነፋም፤ የመጨረሻው ኢኒንግ ሦስተኛ አውት እስኪገኝ ድረስ ጨዋታው አለ፣ እኩል ከወጡም ማለቂያ የለውም። በዚያች ሌሊት ይህ ሕግ በሦስት ሜዳ በአንድ ጊዜ ይሠራ ነበር።

ስልኬ ላይ ያለችው አትላንታ ዘጠነኛው ላይ 3 ለ 2 ትመራ ነበር። በዓመቱ 46 ጨዋታ የዘጋው ወጣቱ ክሬግ ኪምብረል ሊዘጋ ወጥቶ አልዘጋም፤ ፊላዴልፊያ ፊሊስ አቻ አደረገ። አሥረኛ፣ አሥራ አንደኛ፣ አሥራ ሁለተኛ። በአሥራ ሦስተኛው ሃንተር ፔንስ በደንብ ያልተመታች ኳስ ልኮ 4 ለ 3 ሆነ፣ አትላንታም ተሰናበተ። ፊላዴልፊያም እንደ ባልቲሞር የሚያገኘው አልነበረም፤ ምድቡን ካሸነፈ ሰንብቷል። እንዲያውም ራሱን ጎዳ፤ በዚህ ድሉ ያስገባው ሴንት ሉዊስ ከዘጠኝ ቀን በኋላ በማጣሪያው አምስተኛ ጨዋታ 1 ለ 0 አስወጣው፣ ወርዋሪውም ያው ካርፔንተር ነበር፤ ሴንት ሉዊስ ኋላም ሻምፒዮን ሆነ። ያስገቡት እንግዳ ቤቱን ወሰደባቸው።

እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤ ካምደን ያርድስ ላይ ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ቦስተን አሁንም 3 ለ 2። በዚያ ዓመት ቦስተን ስምንተኛውን ኢኒንግ እየመራ ከጨረሰ 77 ጊዜ ከ77 አሸንፏል። ጆናታን ፓፐልቦን ወጣና ሁለት ሰው በስትራይክ መለሰ። ጋሼ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ክሪስ ዴቪስ መታ፣ ሁለተኛው ቤዝ ደረሰ። ኖላን ራይሞልድ መጣ፤ እሱም ላይ አንዲት ስትራይክ ብቻ ቀርታ ነበር። መታ፤ ኳሷ ነጥራ አጥሩን ዘለለች። 3 ለ 3። ቀጥሎ ሮበርት አንዲኖ ወደ ግራ ሜዳ ዝቅ ያለች ኳስ ላካት። የቦስተኑ ካርል ክሮፎርድ እየሮጠ መጣ፣ ተንሸራተተ፣ ጓንቱ ነካት፤ አልያዛትም። ራይሞልድ ተንሸራትቶ ገባ። 4 ለ 3፤ ከእኩለ ሌሊት ሁለት ደቂቃ አልፏል።

ጋሼ ነጠላውን እንኳ አላወረዱም፤ በነጠላው ውስጥ ነው የዘለሉት። እትዬ እልልታቸውን ለቀቁት። እኔ ዓይኔ ላፕቶፑ ላይ ነው። ፍሎሪዳ አሥራ ሁለተኛው ኢኒንግ ላይ ናት፣ የባልቲሞር ወሬ እዚያ ደርሶ ሕዝቡ ይጮኻል፣ መቺው ደግሞ ሎንጎሪያ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ወደ ግራው ጥግ፣ ቀጥ ያለች ኳስ፣ አጥሩን ለጥቂት አልፋ ወጣች። 8 ለ 7። ቦስተን ከውድድር ወጣ፣ ታምፓ ገባ።

እዚህች አጥር ላይ ትንሽ ልቁም። ያች የግራ ጥግ ከሌላው አጥር ዝቅ ያለች ነበረች። ዝቅ የተደረገችው ከ2007 ውድድር በፊት ነው፤ የያኔው የታምፓ ግራ ሜዳ ጠባቂ ዘሎ ሆም ራን ከአየር ላይ እንዲቀማ ተብሎ። ያ ጠባቂ ማን ነው? ካርል ክሮፎርድ! ቦስተን በሰባት ዓመት 142 ሚሊዮን ዶላር ወስዶት፣ በዚያች ሌሊት ባልቲሞር ላይ ኳሷ ከጓንቱ የወደቀችበት ሰው። ለእሱ ብለው ያሳነሷት አጥር ቡድኑን አባረረችበት። እኔ ይህን ፈጥሬ ብጽፈው አዘጋጁ «አጋነንከው» ብሎ ይሰርዝብኝ ነበር።

ደግሞ ልብ በሉ፦ ባልቲሞር የነበረ ሰው አንዲኖን በዓይኑ አየ፤ ፍሎሪዳ የነበረ ሎንጎሪያን አየ። ሁለቱን አንድ ላይ፣ ሦስቱን ደቂቃ ሙሉ ያየ ግን ቤቱ የተቀመጠ ሰው ነው። ትኬት የገዛ ሁሉ ግማሹን ነው የገዛው።

ያን ጊዜ የጋሼ ስልክ አንዴ ጮኾ ተቋረጠ። ሚስ ኮል፤ እናቴ ናት። አዲስ አበባ ጠዋት አንድ ሰዓት ሆኗል። መልሰን ደወልን።

«ምነው ድምፅህ? ታመሃል እንዴ ወንድሜ?» አለች።

«ስንጮህ አምሽተን ነው። ደመራው ወደ የት ወደቀ?»

«የሰፈራችን? ወደ ሰሜን።»

ጋሼ ከመስኮቱ ውጪ አዩ። ቦስተን ከባልቲሞር በሰሜን ናት። «እንግዲያው ትናንት ብትነግሪኝ ኖሮ ቡናዬን በሰላም እጠጣ ነበር» አሏት።

በቀጣዩ ዓመት ሊጉ ሁለተኛ ዋይልድ ካርድ ጨመረ። ያ ደንብ ቀደም ብሎ ቢወጣ ኖሮ ቦስተንም አትላንታም ባልቀሩ። ባልቲሞርም በዚያው በ2012 ዓመት 93 አሸንፎ ገባ፤ ጋሼ 93ን ገልብጦ የሰጣቸው አምላክ እንደሆነ ያምናሉ።

በዚያች ሌሊት ማግስት ጠዋት ግን ጋሼ ሦስት ሰዓት እንኳ ሳይተኙ ታክሲያቸውን አስነሱ። መጀመሪያ የተሳፈረው የቦስተን ኮፍያ ያደረገ ሰው ነበር። ሬድዮው ስለ ሌሊቱ ያወራል። ጋሼ በመስታወቱ አዩት፣ ምንም ሳይናገሩ ሬድዮውን ዘጉለት። ከሒሳቡ ግን አንድ ሳንቲም አልቀነሱለትም።