የቮልቴጅ ጉድለት፦ ከጣሪያ ተነሥቶ ባትሪው ጋ የማይደርሰው

በአሪዞና ምዕራባዊ ዳርቻ ኳርትዝሳይት የምትባል ትንሽ የበረሃ ከተማ አለች። የብርዱ ወቅት ሲገባ ከሰሜን የሚሸሹ ጡረተኞችና መንገደኞች አርቪ በሚባለው፣ አልጋና ማዕድ ቤት ባለው መኪና እየመጡ በዙሪያዋ ይሰፍራሉ። የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ላ ፖሳ በተባለው ሜዳ ላይ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ በክፍያ ፈቃድ ያሰፍራቸዋል። የኤሌክትሪክ መስመር ግን ሜዳው ላይ የለም። ማቀዝቀዣውም፣ የውኃ ፓምፑም፣ ተኝቶ መተንፈስ ለሚቸግረው ሰው ትንፋሽ የሚያግዘው መሣሪያም የሚሠሩት ጣሪያው ላይ በተነጠፈው ሶላር ነው።

እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥም ችግር አለ። ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ስታበራ ውላለች፤ ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለርም ባትሪው ሞልቷል ብሏል፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ሁሉም ነገር ይጠፋል። ባለቤቱ ባትሪው ሞቷል ብሎ አዲስ ይገዛል፣ ወይም ጣሪያው ላይ ሌላ ፓኔል ይጨምራል። ገንዘቡ ከወጣ በኋላም ችግሩ እዚያው ነው። ባትሪውና ፓኔሉ ጤነኛ ሆነው ሳለ ጥፋቱ በመካከላቸው ያለው ሽቦ ሊሆን እንደሚችል የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

በሽቦው ላይ የሚደርሰው ይህ ችግር በእንግሊዝኛ ቮልቴጅ ድሮፕ ይባላል፤ በአማርኛ የቮልቴጅ ጉድለት እንበለው። ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲያልፍ ሽቦው ራሱ ስለሚቃወመው በመነሻውና በመድረሻው ቮልቴጅ መካከል የሚፈጠረው ልዩነት ነው። መውደቅ ብንለው ምንጩ የደከመ ያስመስላል፤ ምንጩ ግን ደህና ነው፣ የሚጎድለው መንገድ ላይ ነው። ጉድለቱን ሦስት ነገሮች ያበዙታል፦ የሽቦው መርዘም፣ የሽቦው መቅጠንና የሚያልፈው አምፔር መብዛት።

በቁጥር እንየው። ኮንትሮለሩ ከባትሪው 6 ሜትር ይርቃል እንበል። መሄጃና መመለሻ ስላለው ሽቦው 12 ሜትር ነው። በአሜሪካ አለካክ 10 ቁጥር የሚባለው የመዳብ ሽቦ፣ ውፍረቱ 5 ካሬ ሚሊ ሜትር ግድም የሆነው፣ 30 አምፔር ሲያልፍበት 1.2 ቮልት ያህል ይጎድልበታል። በዚያው ቦታ 4 ቁጥር ቢዘረጋ (ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል) ጉድለቱ ወደ 0.3 ቮልት ይወርዳል። በ220 ቮልት የቤት መስመር ላይ 1.2 ቮልት ማንም አያስተውለውም። በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ በአሲድ የሚሠራ ባትሪ በደንብ እንዲሞላ ብዙውን ጊዜ ከ14.4 እስከ 14.8 ቮልት ይፈልጋል፤ ሞልቶ ያለ ሥራ ሲያርፍ 12.7፣ ግማሹ ሲያልቅ 12.2 አካባቢ ያሳያል። በሙሉና በግማሽ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ቮልት ብቻ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ኮንትሮለሩ የሚለካው የራሱን ጫፍ እንጂ ባትሪውን ስላልሆነ ነው። እሱ ጋ 14.4 ሲደርስ ባትሪው ጋ ያለው 13.2 ነው። ኮንትሮለሩ ግን ደርሻለሁ ብሎ የሚሰጠውን ኃይል ይገታል፤ ብዙዎቹ የተወሰነ ሰዓት ቆጥረው ወደ ማቆያው ዝቅተኛ ቮልቴጅ ይወርዳሉ። ባትሪው ሳይሞላ ይመሻል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጠጥራል፤ ያኔ ጤነኛ የነበረው ባትሪ እውነትም ይሞታል። አዲሱን ባትሪም የሚገድለው ይኸው ነው።

ስለዚህ ጉድለቱን መለካት ያስፈልጋል፤ ልኬቱም አምፔር በብዛት በሚያልፍበት ሰዓት፣ ረፋድ ላይ፣ ባትሪው ገና እየተራበ ሳለ መደረግ አለበት። ማታ የሚለካ ሰው ምንም አያገኝም፤ አምፔር ከሌለ ጉድለት የለምና። መልቲሜትሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርጎ አንዱን መርፌ ከኮንትሮለሩ ፖዘቲቭ መውጫ፣ ሌላውን ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ ማሳረፍ ነው። የሚነበበው ቁጥር በዚያ መስመር ላይ የጎደለው ቮልቴጅ ራሱ ነው። ከዚያ ኔጋቲቩን እንዲሁ። ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ 3 በመቶን ወሰን ያደርጋሉ፤ ከኮንትሮለር እስከ ባትሪ ላለው መስመር ግን እኔ 3 በመቶም ይበዛል ባይ ነኝ፤ ከ14.4 ቮልት ላይ ከ0.4 በላይ ነውና።

ቁጥሩ ከፍ ካለ መርፌዎቹን እያቀራረቡ ጥፋቱን ማጥበብ ነው፦ ከፊውዙ ማቀፊያ በፊትና በኋላ፣ ከማብሪያ ማጥፊያው በፊትና በኋላ፣ ሽቦው በብሎን ከታሰረበት ጫፍ እስከ ባትሪው ራስ። ሽቦው በቂ ውፍረት እያለው ጉድለቱ ሁሉ አንዲት መጋጠሚያ ላይ ተጠራቅሞ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በ20 አምፔር 0.4 ቮልት የምታጎድል የላላች ወይም የዛገች መጋጠሚያ 8 ዋት ሙቀት በጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ላይ ታፈልቃለች። ፕላስቲኩ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ይህ እሳት የሚያስነሣ ነገር ስለሆነ ለነገ አይባልም። ለመክፈት መጀመሪያ የፓኔሉን መስመር፣ ቀጥሎ የባትሪውን መፍታት፤ ሲመለስ ባትሪው ይቀድማል።

ከጣሪያ እስከ ኮንትሮለር ያለው መስመር ላይ ነገሩ ትንሽ ይቀላል። ባለ 12 ቮልት የሚባለው ፓኔል ሲሠራ 18 ቮልት ግድም ስለሚሰጥ ለጉድለት ቦታ አለው። ኤምፒፒቲ የሚባለው ኮንትሮለር ካለ ደግሞ፣ የሚችለውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ሳያልፉ፣ ፓኔሎቹን በተከታታይ አገናኝቶ ቮልቴጁን ከፍ፣ አምፔሩን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። አምፔር በግማሽ ሲቀንስ በሽቦው ላይ የሚባክነው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል።

ነገር ግን የኃይል ማነስ ሁሉ የሽቦ ጥፋት አይደለም። ኳርትዝሳይት ላይ በዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ በቀትር የምትወጣው 33 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ጣሪያ ላይ ተኝቶ የተነጠፈ ፓኔል ከቀጥታው ብርሃን የሚያገኘው ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ነው። የጣሪያው ኤሲ ጥላም ይጨመርበታል። እዚህ ላይ የሚያንሰው አምፔሩ ነው፤ አምፔር ሲያንስ ደግሞ የቮልቴጅ ጉድለቱም አብሮ ያንሳል። ሁለቱን ለመለየት በመርፌ መለካት ያስፈልጋል።

በአሜሪካ ከባድ መኪና እየነዱ ከአልጋው ሥር ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 120 ቮልት የሚለውጥ መሣሪያ) ላስገቡ ወገኖቻችንም ሒሳቡ ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። በ12 ቮልት ባለ 1,000 ዋት ኢንቨርተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከ80 አምፔር በላይ ይስባል። ስለዚህ ኢንቨርተሩ ከባትሪው አጠገብ ይቀመጥ፣ የሚረዝመው የ120 ቮልቱ ገመድ ይሁን። በአርቪውም ኮንትሮለሩን ወደ ባትሪው ማስጠጋት ወፍራም ሽቦ ከመግዛት ይረክሳል። ኮንትሮለሩ የባትሪውን ቮልቴጅ ለብቻው የሚለካበት ቀጭን ሽቦ መሰኪያ ካለው እሱን ማገናኘት ነው፤ በዚያ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው አምፔር ከምንም ስለማይቆጠር ባትሪው ጋ ያለውን ቮልቴጅ እንዳለ ያደርሳል።