አምስቱ ጥያቄዎች

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው፡፡ አባባሉ ጥፋቱን ሁሉ በታማሚው ላይ ይጥላል፤ ጠያቂ ስላጣ ታማሚ ግን ምንም አይልም፡፡ ይህ ጉድለት ጎልቶ የታየኝ የሬክተም ካንሰርን የሕክምና ታሪክ ሳነብ ነው፡፡

ሬክተም ከፊንጢጣ በላይ ያለው የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ነው፡፡ ሥራው ማጠራቀምና ማቆየት ነው፡፡ ሰው በጉባኤ መካከል፣ በቅዳሴ ወይም በመንገድ ላይ ሳለ ራሱን ገትቶ መቆየት የሚችለው በእርሱ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1908 የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ማይልስ ቀድሞ ከታች በኩል ብቻ ቀዶ ካከማቸው 57 ሕሙማን በ54ቱ ላይ ካንሰሩ መመለሱን ጻፈ፡፡ ስለዚህ ከሆድም ከታችም ገብቶ ሬክተሙን ከነፊንጢጣው የሚያወጣ ስልት አቀረበ፡፡ ከዚህ ስልት በኋላ የሕሙማኑ መውጫ በሆዳቸው ላይ ሆነ፡፡ ለዚያ መውጫ የሚጣበቅ የፕላስቲክ ከረጢት ያሰበችው ደግሞ ዴንማርካዊቷ ነርስ ኤሊሰ ሶረንሰን ናት፤ እርሷም በ1954 ነው፡፡ ያሳሰባት እኅቷ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሰው ፊት መውጣት መፍራቷ ነበር፡፡

በ1948 የማዮ ክሊኒኩ ክላውድ ዲክሰን ዕጢውን ቆርጦ አንጀቱን መልሶ የመቀጠልን ውጤት አሳተመ፡፡ በ1982 እንግሊዛዊው ቢል ሂልድ ሬክተሙን ከከበበው የስብ ሽፋን ጋር ሳይቀደድ ማውጣት የካንሰሩን መመለስ እንደሚቀንስ አሳየ፡፡ ፊንጢጣው ተረፈ፤ ብዙዎችም ከከረጢቱ ዳኑ፡፡ ሐኪሞች ይህን ድል ብለው ቢጠሩት አልፈርድባቸውም፡፡

ነገር ግን ማጠራቀሚያው ሄዷል፡፡ ነርቮች ይጎዳሉ፤ ጨረርም የቀረውን ያደርቃል፡፡ በ2005 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ሰገራ የሚያመልጣቸው ጨረር ከወሰዱት 62 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 38 በመቶ መሆናቸውን ገለጸ፡፡

በ2012 ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች፣ ኤመርትሰንና ላውርበርግ፣ አምስት አጫጭር ጥያቄዎች አዘጋጁ፡፡ ጋዝ ያመልጥዎታል? ቀጭን ሰገራ ያመልጥዎታል? በቀን ስንት ጊዜ ይወጣሉ? ወጥተው ሳይቆዩ ዳግም ይመለሳሉ? ወደ መጸዳጃ ቤት ያስሮጥዎታል? ለመልሶቹ ነጥብ የተሰጠው እያንዳንዱ ችግር የታማሚውን ኑሮ በሚያውክበት መጠን ነው፡፡ ከ42ቱ ነጥብ ለቀጭን ሰገራ ማምለጥ የተያዘው ቢበዛ 3 ሲሆን፣ ለጥድፊያው 16፣ ለመመላለሱ 11 ተያዘለት፡፡

እኔን ያስደነቀኝ ይህ ሚዛን ነው፡፡ ከውጭ ሆኖ ለሚገምት ሰው ትልቁ መከራ ልብስ መበላሸቱ ይመስላል፡፡ ታማሚውን ግን ይበልጥ የሚያስረው በር በርን ማየቱ፣ ከመጸዳጃ ቤት ርቆ ለመሄድ አለመድፈሩ ነው፡፡ ይህን ከታማሚው በቀር ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር፡፡

ዛሬ መፍትሔ አልጠፋም፤ አንጀትን የሚያረጋጋ መድኃኒት፣ የዳሌ ጡንቻ ልምምድ፣ አንጀትን በውኃ ማጠብ አለ፤ ሁሉን ባይመልሱም ያግዛሉ፡፡ ወደ እነርሱ የሚያደርሰው ግን ንግግር ነው፡፡ አማርኛችን ለዚህ ቃል አላጣም፡፡ አበው «ዓይነ ምድር» ያሉት ነገሩን በክብር ለመናገር እንጂ ዝም ለማለት አይደለም፡፡ ከካንሰር ለተረፈ ወዳጃችን «እንኳን እግዜር ማረህ» ካልን በኋላ «መውጣት መግባቱስ እንዴት ነው?» ብንለው ነውር የለበትም፡፡