ዲኤምኤ፦ የማህደረ ትውስታ ቀጥታ ዝውውር

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው አይቢኤም ፒሲ ማዘርቦርዱ ላይ ኢንቴል 8237 የሚባል ባለ 40 ፒን ቺፕ አለው። የቺፑ ሥራ ከፍሎፒና ከሌሎች ካርዶች የሚመጣውን ዳታ ፕሮሰሰሩ ሳይነካው ወደ ሚሞሪ ማስገባት፣ ከሚሞሪም አውጥቶ ለእነሱ ማድረስ ነው። አሠራሩ በአጭሩ ዲኤምኤ ይባላል። በአማርኛ «የማህደረ ትውስታ ቀጥታ ዝውውር» ብንለው ሥራውን በትክክል ይገልጻል፤ ቺፑ ዳታ ያዛውራል እንጂ አያሰላም፣ «ቀጥታ» የተባለውም ዳታው በፕሮሰሰሩ በኩል ስለማያልፍ ነው።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ቺፑ በሌለበት ማሽን ላይ ነው። አይቢኤም ለቤት ተጠቃሚ ያዘጋጀው ፒሲ ጁኒየር ዲኤምኤ አልነበረውም። ፍሎፒው በየ32 ማይክሮሰከንዱ የሚያቀብለውን ባይት ፕሮሰሰሩ ራሱ አንድ በአንድ መቀበል ስለነበረበት፣ ዲስክ እየተነበበ ሳለ በኪቦርድ የተጻፈ ፊደል ይጠፋ ነበር።

8237 አራት ቻናሎች አሉት። ቻናል 2 የፍሎፒ ነው፤ ቻናል 3 ፒሲውን በተከተለው የአይቢኤም ኤክስቲ ለሃርድ ዲስክ ይውላል፤ ቻናል 1 ለተጨማሪ ካርድ ክፍት ነው። በ1984 የመጣው የአይቢኤም ኤቲ ሁለተኛ ቺፕ ጨምሮ ከ5 እስከ 7 ያሉትን ባለ 16 ቢት ቻናሎች አስገኘ።

ጠጋኝን ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው ግን ቻናል 0 ነው። በፒሲና በኤክስቲ ይህ ቻናል የተመደበው ለሚሞሪው ለራሱ ነው። ሚሞሪው የተሠራባቸው የዲራም ሴሎች የያዙትን ቻርጅ በጥቂት ሚሊሰከንዶች ውስጥ ስለሚያጡ ያለማቋረጥ መታደስ አለባቸው። የሰዓት ቺፑ በየ15 ማይክሮሰከንዱ ገደማ ለ8237 ጥያቄ ይልካል፤ 8237ም በቻናል 0 አንድ ረድፍ ያነባል፤ በመነበቡም ረድፉ ይታደሳል። ይህ ከቆመ ሚሞሪው የያዘውን ሁሉ ይረሳል።

የአይቢኤም ፒሲ ባዮስ ሚሞሪን ከመፈተሹ በፊት 8237ን ይፈትሻል። ቺፑ ፈተናውን ካላለፈ ፕሮሰሰሩን እዚያው ያቆመዋል፤ ድምፅ አይሰማም፣ ስክሪኑም ላይ ምንም አይጻፍም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ፓወር ሰፕላይ ይቀይራል፣ የሚሞሪ ቺፖችንም አንድ በአንድ ያወጣል። እኔ ቮልቴጁ ትክክል መሆኑን ካየሁ በኋላ የማስቀድመው ኦሲሎስኮፕን ካርድ መሰኪያው ላይ ቢ19 የተባለው ፒን ላይ ማድረግ ነው። ቻናል 0 የሚሰጠው ምላሽ እዚያ ይደርሳል፤ ቺፑ ላይ ደግሞ ፒን 25 ነው። በየ15 ማይክሮሰከንዱ የምት ምልክት ካለ እድሳቱ እየሠራ ነው። ከሌለ ፒን 19ን ማየት ይገባል፤ ጥያቄው እዚያ እየደረሰ ምላሽ ከጠፋ 8237 ወይም ዙሪያው ያለው ሰርኪዩት ይጠረጠራል፤ ጥያቄውም ካልደረሰ ጥርጣሬው ወደ ሰዓት ቺፑ ይዞራል።

በሳውንድ ካርድ በኩል ያለው ችግር ቀለል ይላል። በዶስ ዘመን ሳውንድ ብላስተር ብዙውን ጊዜ ቻናል 1ን ይይዛል፤ አውቶኤክሴክ ፋይል ውስጥ ብላስተር በሚለው መስመር ላይ ያለው «ዲ1» የሚናገረው ይህንኑ ነው። ፓራለል ፖርቱ በኢሲፒ ሞድ ሲሠራ እሱም ዲኤምኤ ስለሚፈልግ ሁለቱ በአንድ ቻናል ሊጋጩ ይችላሉ። እዚህ ላይ ጆሮ ጥሩ መሣሪያ ነው። አጭር ድምፅ ደጋግሞ እየተሰማ ከቀጠለ ዲኤምኤው ዳታ እያመላለሰ ነው፤ ያልደረሰው አብዛኛውን ጊዜ ኢንተረፕቱ ስለሆነ ቁጥሩ፣ ማለትም አይአርኪው፣ ይታይ። ካርዱ ታውቆ ሳለ ምንም ድምፅ ካልወጣ፣ ወይም ፕሮግራሙ ድምፅ ሊጀምር ሲል ከቆመ፣ መጀመሪያ የዲኤምኤው ቁጥር ይፈተሽ።

አንዳንዱ ስህተት ደግሞ ሃርድዌሩን አይመለከትም። 8237 የሚቆጥረው በ16 ቢት ብቻ ስለሆነ 64 ኪሎባይት ሲሞላ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ከፍተኛዎቹን የአድራሻ ቢቶች የያዘው የገጽ ሬጂስተር አብሮት አይጨምርም። ስለዚህ የፍሎፒ ንባብ ይህን ድንበር እንዲያቋርጥ የጠየቀ ፕሮግራም ከባዮስ የስህተት ቁጥር 9 ይመለስለታል፤ መታረም ያለበትም ፕሮግራሙ ነው። ቁጥር 8 ከመጣ ግን ዲኤምኤው ባይቱን በጊዜው አላነሣም ማለት ነውና የፍሎፒ ካርዱና 8237 ይፈተሹ።