የከሰዓት ሻይ ያን ያህል ያወጣል?

ባለፈው ስብሰባችን አንዲት እህታችን የዘንድሮው መዝናኛችን እዚሁ ለንደን አንድ ትልቅ ሆቴል ገብተን የእንግሊዞችን የከሰዓት ሻይ መጠጣት እንዲሆን ሐሳብ አቀረበች። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ዕድሜ ልካችንን የሰው ስኒ ስናጥብ ኖረን፣ አንድ ቀን ለኛ ቢቀዳልን ምን አለበት?» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ለቅጠልና ለፍል ውኃ ይህን ያህል ገንዘብ!» ብሎ አማተበ። ሰዓቱ አለቀና ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። እስከዚያው ይህ ሻይ ከየት እንደመጣ፣ ሴቶችም ገንዘባቸውን ለምን ሲያወጡበት እንደኖሩ ልጻፍላችሁ ብዬ ተነሣሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። በለንደን ስመ ጥር ሆቴሎች ዛሬ ለአንድ ሰው የከሰዓት ሻይ ከ70 ፓውንድ በላይ ይጠየቃል። ብዙ ቦታ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል። 70 ፓውንድ ብንል እንኳ 78 ፓውንድ ከ75 ፔንስ ይሆናል ማለት ነው። በሚያዝያ 2025 የወጣው የአዋቂ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 12 ፓውንድ ከ21 ፔንስ ነበር። በዚያ ክፍያ የምትሠራ እህት ለአንድ ሻይ፣ ግብር ሳይቆረጥ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ መሥራት ነበረባት። የሚቀርብላት ሻይ፣ ጠርዙ የተከረከመ ትንንሽ ሳንድዊች፣ ስኮን በክሬምና በማርማላታ፣ ከዚያም ኬክ ነው። ወንበሩም ብዙውን ጊዜ የሷ የሚሆነው ለአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከራሳችን ከቡና ነው። በለንደን የመጀመሪያው የቡና መጠጫ ቤት የተከፈተው በ1652 ሲሆን ከዚያ በኋላ በየመንገዱ ተስፋፋ። ነጋዴው የመርከብ ወሬ የሚሰማበት፣ ጋዜጣ የሚነበብበት፣ ፖለቲካ የሚወራበት ቦታ ሆነ። እዚያ ተቀምጦ የሚጠጣው ግን ወንድ ነበር፤ ሴት ብትገኝ ወይ ባለቤቷ ናት ወይ አስተናጋጅ። በኛ አገር ቡና የሴቶች መቀመጫ ነው፤ በዚህ አገር የወንዶች አደባባይ ሆነ። ለሴቷ የቀረላት በቤቷ የሚጠጣው ሻይ ነበር። እሱም ውድ ስለነበር እመቤቲቱ በቁልፍ በሚዘጋ ሣጥን ታስቀምጠው ነበር። በ1784 መንግሥት 119 በመቶ የነበረውን የሻይ ቀረጥ ወደ 12.5 በመቶ ሲያወርደው ሻይ እየረከሰ ሄዶ የድሃውም ቤት መጠጥ ሆነ።

«የከሰዓት ሻይ» የሚባለውን ወግ በ1840 አካባቢ የጀመረችው የቤድፎርድ መስፍን ሚስት አና እንደሆነች ይነገራል። የመኳንንቱ እራት እየመሸ ሄዶ ነበርና ከሰዓት በኋላ ሆዷን ሲሞረሙራት ሻይና ዳቦ በቅቤ ወደ ክፍሏ እንዲመጣላት አዘዘች፤ ቆይታም ወዳጆቿን ትጠራ ጀመር። ሆቴሎቹ ዛሬ የሚሸጡልን የዚህችን ወይዘሮ ሳሎን ነው። የሠራተኛው ቤት ማዕድ ሌላ ነበር። «ሃይ ቲ» የሚባለውና ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶ የጌቶች የሚመስለው፣ ሠራተኛው ደክሞት ሲገባ ከሻይ ጋር የሚበላው የምሽት ምግብ ነው።

በዚያ ስኒ ውስጥ ስኳርም ነበር። ስኳሩን የሚያመርቱት በካሪቢያን ደሴቶች በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። ይህን የተረዱ ሴቶች ዝም አላሉም። በ1791 ብዙ ቤተሰብ የባሪያ ስኳር አንገዛም አለ። በ1820ዎቹ በሌስተር ከተማ ኤልዛቤት ሄይሪክ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ለቤት እየዞረች ሰው ይህን ስኳር እንዲተው ትወተውት ነበር። በ1825 በበርሚንግሃም የሴቶች የፀረ ባርነት ማኅበር ተቋቋመ። እነዚህ ሴቶች የመምረጥ መብት አልነበራቸውም፤ የሻይ ጠረጴዛው ግን በእጃቸው ነበር። በብሪታንያ ግዛቶች ባርነትን የሚያስቀረው ሕግ በ1833 ወጣ። «ገንዘባችንን በምን ላይ እናውጣ?» ብሎ መሟገት እንግዲህ ለሴቶች ማኅበር አዲስ ነገር አይደለም።

ከቤት ወጥቶ ሻይ መጠጣት የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያለ ወንድ አጃቢ መሸታ ቤት ወይም ምግብ ቤት የገባች ሴት በክፉ ዓይን ትታይ ነበር። ገበያ የወጣች ሴት አረፍ የምትልበት ቦታ አልነበራትም፤ የሴቶች መጸዳጃ ቤት እንኳ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በ1864 ኤ ቢ ሲ በመባል የሚታወቀው የዳቦ ድርጅት ለንደን ውስጥ ሻይ ቤት ከፈተ። ሐሳቡን ያመጣችው ከዳቦ ሱቆቹ የአንዱ ኃላፊ የነበረች ሴት ናት ይባላል። በ1878 በግላስጎው ኬት ክራንስተን የራሷን ሻይ ቤት ጀመረች፤ በ1903 የከፈተችውን ዊሎው የተባለውን ቤቷን የነደፈላት ዝነኛው አርክቴክት ቻርልስ ረኒ ማኪንቶሽ ነው። በ1894 ደግሞ ላየንስ የተባለው ኩባንያ ፒካዲሊ ላይ የመጀመሪያውን ሻይ ቤቱን ከፈተ፤ ቅርንጫፎቹም በዙ።

የነዚህ ቤቶች ትልቁ ነገር ርካሽና ንጹሕ መሆናቸው ነበር። ቢሮ ገብታ በጽሕፈት መኪና የምትሠራ ልጅ ወይም የሱቅ ሻጭ ከራሷ ደመወዝ ጥቂት ሳንቲም ከፍላ ብቻዋን ትቀመጣለች። የማን ሚስት ናት፣ የማን ልጅ ናት የሚላት የለም። ጓደኛዋን ትቀጥራለች፣ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ እግሯን ታሳርፋለች። የምትከፍለው ሻዩን ብቻ አልነበረም፤ ወንበሩን፣ ጊዜውንና ጨዋታውን ነበር።

ወንበሩም ሥራ ሠራ። የመምረጥ መብት ጠያቂ ሴቶች ከሻይ ቤት የተሻለ መሰብሰቢያ አልነበራቸውም። በኦክስፎርድ ስትሪት የነበረው የአለንስ ሻይ ቤት ባለቤት ሴት ነበረች፤ ለታጋዮቹ ማኅበር ክፍሏን ያለ ኪራይ ትሰጥ ነበር። በ1918 ዕድሜያቸው ከ30 በላይ የሆኑና የንብረት መስፈርት ያሟሉ ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ። በ1928 ከወንዶች እኩል ሆኑ።

ስኒውን ያጠበችውንም አንርሳ። የላየንስ አስተናጋጆች ከ1920ዎቹ ጀምሮ «ኒፒ» ይባሉ ነበር፤ ፈጣን፣ ቀልጣፋ ለማለት ነው። የአንዷ ሴት ዕረፍት የሌላዋ ሴት ሩጫ ነበር። ይህን ከመካከላችን በሆቴል ጓዳ የሚሠሩት ከኔ በላይ ያውቁታል። የቡናችንም ነገር ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ተጫውተን ስንነሣ፣ ስትቆላ፣ ስትቀዳ የቆየችው እህት ለብቻዋ ረከቦቱ ሥር ስኒ ስትለቃቅም ትቀራለች። «አንድ ቀን ለኛ ቢቀዳልን» ያለችው እህታችን እውነት ያላት እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ የከሰዓት ሻይ ገንዘቡን ያወጣል? የኔ መልስ ሁለት ነው። አንዲት እህት ከራሷ ላብ ቆጥባ፣ ለልደቷ ወይም እናቷ ከአገር ቤት ስትመጣ፣ ሆቴሉ ውስጥ ተቀምጣ ቢቀዳላት፣ ያወጣል። ማንም አይፍረድባት፤ ሻይ ቤት የገቡት ሴቶችም በራሳቸው ሳንቲም የራሳቸውን ሰዓት ገዝተዋል። ከማኅበሩ ሣጥን ግን አያወጣም። 30 ሰው ብንሄድ ከ2,360 ፓውንድ በላይ ነው። ይህ ገንዘብ የወር መዋጯችን ነው፤ ያመኑን ለጋሾች አደራም አለበት። የሚገዛልንም የመስፍኗን ሳሎን ለሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ «ቀጣዮቹ እንግዶች ደርሰዋል» እንባላለን።

ሣጥናችን ያቺ የኦክስፎርድ ስትሪት ሴት የሠራችውን ቢሠራ ይሻላል፤ ክፍል ይክፈት። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ እንከራይ። ቡናም ሻይም ይኑር፣ አምባሻም ኬክም ይቅረብ። አዲስ የመጣች፣ ቋንቋው ያልገባት፣ ከሰው ቤት ሥራ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የምትወጣ እህት ሳትከፍል ገብታ ትቀመጥ። የሰነድ ጉዳይ ያለባት ትጠይቅ፣ ምንም ጉዳይ የሌላት ዝም ብላ ትረፍ። የሚቀዳውና የሚያጥበው በተራ ይሁን፤ ተራውም በስም ዝርዝር ይያዝ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ስኒ ስታጥብ የሰነበተችው ስሟ ከዝርዝሩ መጨረሻ ይጻፍ፤ እስከዚያ ተቀምጣ ይቀዳላት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፄን የምሰጠው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲደርስ ስኒ ለማጠብ ስሜን አስቀድሜ አስመዝግቤያለሁ።