ብራቾ፦ ከክረምት በኋላ ሊፈተሽ የሚገባው የተሽከርካሪ አካል

ብራቾ የፊት ጎማን ከሻንሲ ጋር የሚያገናኝ ብረት ነው። ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ አቅጣጫውን እንዳይስት ይይዘዋል። በሻንሲው በኩል በጎሚኒ፣ በጎማው በኩል በቴስቲኒ ይታሰራል። ሂሉክስ ፒክአፕ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ የላይና የታች ብራቾ አለው፤ ፊታቸው በባሌስትራ የቆመ የአይሱዙ የጭነት መኪኖች ግን ይህ ክፍል የላቸውም።

በጋምቤላ የገጠር መንገዶች ክረምቱ የሚተወው ጉድጓድ ጎሚኒውን ይሰነጥቃል። የቴስቲኒው ሽፋን ከተቀደደም ጭቃና ውኃ ገብቶ ግራሶውን ያጥባል፤ ብረት ከብረት ይፋተጋል።

ምልክቶቹ በጉድጓድ ላይ የሚሰማ ኳኳታ፣ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን መሳቡ እንዲሁም ጎማው በአንድ ጠርዝ ብቻ መበላቱ ናቸው። እነዚህ ሲታዩ ምርመራው ለነገ አይባልም። ቴስቲኒው ከመቀመጫው ከወጣ ጎማው ይታጠፋል፣ መሪም አይታዘዝም፤ ከጎሬ በቡሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ ይህ ሕይወት ያስከፍላል።

ጎሚኒ ሲቀየር ፔርኖው በመጨረሻ የሚጠብቀው ተሽከርካሪው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። በክሪክ እንደተነሣ ከጠበቀ አዲሱ ጎሚኒ ተጠማዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። ከዚያም የጎማ አላይመንት ማሠራት ያስፈልጋል።