የታሪኩ አድራሻ፦ የዶስ ዘመን ጨዋታዎች ከሃይፋ እስከ ቂርያት ጋት

የእስራኤሏ ከተማ ቂርያት ጋት ስሟን ያገኘችው በስህተት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ለኪሶ በሚላት በላኪሽ አካባቢ ለአዲስ መጤዎች ከተማ ሲቆረቆር፣ በአጠገቡ ያለው የቴል ዔራኒ ጉብታ የፍልስጥኤማውያን ከተማ ጌት፣ የጎልያድ አገር፣ እንደሆነ ይታመን ነበር። ተመራማሪዎች በኋላ ጌትን ያገኙት ወደ ሰሜን በሚገኘው በቴል ጻፊት ነው። ስሙ ግን ከተማዋ ላይ ቀረ። ታሪክ አድራሻውን ሲስት እንዲህ ነው፤ ስሙ አንድ ቦታ፣ ነገሩ ሌላ ቦታ ይሆናል። ይህን ያነሣሁት በዚህችው ከተማ በኩል የሚያልፍ ሌላ ታሪክ አድራሻው ጎድሎ ስለሚነገር ነው፤ ተጫዋቹ የአንድ ጀግና ሚና ይዞ ዋሻ ለዋሻ፣ ከተማ ለከተማ የሚዞርባቸው የዶስ ዘመን የኮምፒውተር ጨዋታዎች ታሪክ። ዛሬ ብዙዎች ወደ እነዚህ ጨዋታዎች እየተመለሱ ሲጫወቷቸው፣ የሚተርኩት ስለ ጥቂት አሜሪካውያን ወጣቶች ፈጠራ ብቻ ነው። እኔ የምለው ጨዋታዎቹን ያን መልክ ያስያዛቸውም፣ እስከ ዛሬ ያቆያቸውም አንድ ርካሽ ቺፕ ነው፤ የዚያ ቺፕ መንገድ ደግሞ ከሃይፋ ተነሥቶ በቂርያት ጋት ያልፋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በተለምዶ የሚነገረው ታሪክ ሐሰት አይደለም። በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ የሚጫወቱትን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» አሳተሙ። ወዲያው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በትላልቅ የጋራ ኮምፒውተሮች ላይ አስመስለው ሠሩት። በ1981 ሪቻርድ ጋሪዮት «አልቲማ»ን፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዎቹ አንድሩ ግሪንበርግና ሮበርት ውድሄድ ደግሞ «ዊዛርድሪ»ን አወጡ። «አልቲማ» አገር ምድሩን ከላይ የሚያሳይ፣ በትናንሽ ካሬ ሥዕሎች የተነጠፈ ዓለም ነበረው። «ዊዛርድሪ» ተጫዋቹን በቀጫጭን መስመሮች የተሣለ ዋሻ ውስጥ አስገብቶ፣ እያንዳንዳቸው 20 በ20 ካሬ የሆኑ 10 ፎቆችን በገዛ እጁ በወረቀት እየነደፈ እንዲወርድ ያስገድደው ነበር። ተጫዋቹ የሚመራው ጭፍራ ዋሻ ውስጥ ካለቀ ሬሳው እዚያው ይቀራል፤ ሊያወጣው የሚፈልግ ሌላ ጭፍራ አሰልፎ መላክ አለበት። ይህ ጭካኔ የደራሲዎቹ ምርጫ ነው፤ ክብሩም የእነርሱ ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ታሪክ እንምጣ። ዶቭ ፍሮማን የሚባለው እስራኤላዊ መሐንዲስ ኢንቴል በተባለው የቺፕ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ ኢፕሮም የተባለውን፣ ሊጠፋና እንደገና ሊጻፍበት የሚችለውን የማስታወሻ ቺፕ ፈለሰፈ። ከዚያ ሥራውን ትቶ ጋና ኩማሲ ሄደና በዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ የኮምፒውተር ታሪክ አፍሪካን የሚነካባቸው ገጾች ጥቂት ናቸውና። ወደ አገሩ ሲመለስ በ1974 ኢንቴል ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያውን የንድፍ ማዕከሉን በሃይፋ እንዲከፍት አደረገ። 8088 የተባለው ፕሮሰሰር የተነደፈው በዚህ ማዕከል ሲሆን፣ ለገበያ የወጣው በ1979 ነው። ከእርሱ አንድ ዓመት የሚቀድመው 8086 በውስጥም በውጭም 16 ቢት ነበር። የሃይፋው 8088 ግን ውስጡ ያው 16 ቢት ሆኖ፣ ከሌላው የኮምፒውተሩ ክፍል ጋር የሚነጋገርበት መስመር 8 ቢት ብቻ ነው። ይህ ቺፑን አዘገየው፤ ነገር ግን በገበያ ላይ በብዛትና በርካሽ ከሚገኙት የ8 ቢት ዕቃዎች ጋር እንዲገጣጠም አስቻለው። አይቢኤም በነሐሴ 1981 የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ የመረጠው ይህንኑ ነው፤ በሴኮንድ 4.77 ሚሊዮን ምት የሚመታ፣ 29,000 ያህል ትራንዚስተሮች ያሉት ቺፕ። ዶስ የተባለውን፣ ከማይክሮሶፍት በፈቃድ ያገኘውን ስርዓተ ክወናም ጫነበት። ዕቃው በገበያ የሚገኝ ስለነበር ሌሎች ኩባንያዎች ለመቅዳት ብዙ አልቆዩም፤ ኮምፓክ ገና በ1982 ተመሳሳዩን ይዞ ቀረበ።

ይህ መሣሪያ ለጨዋታ አልተሠራም። የተለመደው የቀለም ካርድ በጨዋታ ስክሪን ላይ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው አራት ቀለም ብቻ ነው። ድምፁ የአንዲት ትንሽ ስፒከር ጩኸት ነው። ፍሎፒ ዲስኩ 360 ኪሎባይት፣ ለፕሮግራም የሚተርፈው ሜሞሪ ደግሞ ቢበዛ 640 ኪሎባይት ነው። የጨዋታዎቹ ጠባይ የወጣው ከዚህ ጥበት ነው። ፕሮሰሰሩ ፈጣን እንቅስቃሴን ስለማይችል ተራ በተራ የሚደረግ ውጊያ ተመቸው፤ አንተ ታስባለህ፣ ታዛለህ፣ ከዚያ ጠላት መልስ ይሰጣል። ዲስኩ ረጅም ጽሑፍ ስለማይችል ታሪኩ ወደ ወረቀት ተሰደደ። በ1988 የወጣው «ዌስትላንድ» ቁጥር የተሰጣቸው አንቀጾች የታተሙበት ቡክሌት ነበረው፤ ስክሪኑ ይህን ያህልኛውን አንቀጽ አንብብ ይላል፣ ተጫዋቹም ይገልጣል። ቀድሞ አጮልቆ የሚያነብን ለማሳሳት ሐሰተኛ አንቀጾችም ተቀላቅለውበታል። በዚያው ዓመት የወጣው «ፑል ኦቭ ሬዲያንስ» እንዲሁ የተጓዥ ማስታወሻ ነበረው፤ በውስጡ ከታተሙት የመጠጥ ቤት ወሬዎች አንዳንዶቹ እውነት፣ አንዳንዶቹ ቅጥፈት ናቸው። ዛሬ ሰዎች ስለ እነዚህ ጨዋታዎች ሲያወሩ የሚያደንቁት በብዛት ይህንኑ ነው፤ ማንበብን፣ ካርታ መንደፍን፣ ማሰቢያ ጊዜን፣ ያልተሣለውን በአሳብ መሙላትን። የሚያደንቁት ነገር እንግዲህ የደራሲውም የቺፑም ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን የሚያውቅ አንባቢ ተነሥቶ ይከራከረኛል፤ ክርክሩም ጠንካራ ነው። «አልቲማ»ም «ዊዛርድሪ»ም የተወለዱት በአፕል 2 ላይ ነው፤ አፕል 2 ደግሞ የኢንቴል ቺፕ የለውም። ጥበቱም ቢሆን የዘመኑ ኮምፒውተሮች ሁሉ ዕጣ ነበር። ይህ እውነት ነው፣ እቀበለዋለሁ። 8088 የዘውጉ አባት አይደለም። ሆኖም የአንዱን ተከታታይ ጨዋታ ጉዞ ብቻ እንከተል። «አልቲማ 2» በ1983 ወደ አይቢኤም ኮምፒውተር የመጣው ከአፕል ተገልብጦ ነው። ዋና ጠላት የሌለበት፣ ተጫዋቹ ሐቀኝነትን፣ ርኅራኄን፣ ትሕትናንና ሌሎች አምስት ምግባሮችን በመኖር የሚፈጽመው «አልቲማ 4» በ1985 በአፕል ላይ ወጥቶ ወደ ዶስ የደረሰው በ1987 ነው። በ1990 «አልቲማ 6» ሲሠራ ግን ነገሩ ተገልብጦ ነበር፤ መጀመሪያውኑ የተጻፈው ለዶስ ኮምፒውተር፣ ለ256 ቀለማት ሆነ። በአምስት ዓመት ውስጥ እንግዳው ባለቤት ሆነ ማለት ነው። «አይ ኦቭ ዘ ቢሆልደር» በ1991፣ «አልቲማ አንደርወርልድ» በ1992 የወጡት በዚሁ ቤት ነው። ያን ያደረገው የቺፑ ብርታት አልነበረም፤ ከ8086 እንኳ ይዘገይ ነበር። ያደረገው ርካሽነቱና መስፋፋቱ ነው፤ የሃይፋው ንድፍ ቁም ነገርም ይኸው ነበር።

ሁለተኛው ነጥቤ መቆየት ነው፤ ቂርያት ጋትም የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የምትታወቀው በስኳር ፋብሪካዋና በጨርቃ ጨርቅ ነበር፤ በዙሪያዋም ጥጥና ሹገር ቢት ይበቅል ነበር። በ1999 ኢንቴል ፋብ 18 የተባለውን የቺፕ ፋብሪካ እዚያ ከፈተ፤ በ2008 ደግሞ በ45 ናኖሜትር የሚሠራው ፋብ 28 ተከተለ። ከእነዚህ መሥመሮች የወጡት ፕሮሰሰሮች በትራንዚስተር ብዛት ከ8088 ጋር ለንጽጽር አይቀርቡም። ግን የአባቶቻቸውን ቋንቋ አልረሱም። የዚህ ቤተሰብ ፕሮሰሰር መብራት ሲያገኝ ሥራውን የሚጀምረው ልክ እንደ 1970ዎቹ መጨረሻ ቺፖች በ16 ቢት ሁኔታ ነው፤ ወደ ዘመናዊው አሠራር የሚሸጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። ኢንቴል ይህን ያደረገው ለጨዋታ አስቦ አይደለም፤ የባንኮችና የቢሮዎች አሮጌ ፕሮግራሞች እንዳይቆሙ ብሎ ነው። ግን የሒሳብ መዝገቡን ያዳነው ውል ጨዋታውንም አዳነ። የአፕል 2 ምርት በ1993 ሲቆም ፕሮግራሞቹ ቤት አልባ ቀሩ። የዶስ ፕሮግራም ግን ኮምፒውተር ቢለወጥም አብሮ እየተሻገረ፣ ቺፖቻቸው በቂርያት ጋት እስከተሠሩት ማሽኖች ደረሰ።

«ቢሆንም ዛሬ ማንም ዶስን በቀጥታ አይጭንም፤ ሁሉም የሚጫወተው በዶስቦክስ ነው» ይባላል። ልክ ነው። ዶስቦክስ የአሮጌውን ኮምፒውተር ጠባይ በፕሮግራም የሚያስመስል ሥራ ነው፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስም የ16 ቢት ፕሮግራም ማስኬድ ትቷል። መቆየቱ ደግሞ ያለ ችግር የመጣ አልነበረም። በ8088 ፍጥነት ተለክተው የተጻፉ ጨዋታዎች በፈጣን ማሽን ላይ ጠላት እስኪታይ እንኳ አያቆዩም። የ1992ቱ «አልቲማ 7» ከ640 ኪሎባይቱ አጥር ለመዝለል የራሱን የሜሞሪ ዘዴ ስለተጠቀመ በኋላ ባሉት ኮምፒውተሮች ላይ አስቸጋሪ ሆነ፤ ያዳነው የበጎ ፈቃደኞች ሥራ የሆነው «ኤግዘልት» ነው። እነዚህ ማስረጃዎች ክርክሬን ያጠብቡታል እንጂ አያፈርሱትም። ማስመሰያ የሚሠራለት የሚፈልገው ሰው ሲኖር ነው፤ ያ ሕዝብ ደግሞ ጨዋታዎቹን ሳይረሳ ሃያ ዓመት የቆየው በእያንዳንዱ አዲስ ኮምፒውተሩ ላይ ሊከፍታቸው ስለቻለ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ግን ይህ ነው፤ ቺፕ ሠሪ ምን ያገባዋል? ፋብሪካ ድርሰት አይጽፍም። ለዚህ መልሱ በእኛው ገዳማት ውስጥ አለ። ብራና ፋቂ ዳዊቱን አልደረሰም፤ የገጹን ስፋት፣ የዓምዱን ብዛት፣ በአንድ ቅጠል የሚያርፈውን ስንኝ የወሰነው ግን እርሱ ያዘጋጀው ቆዳ ነው። የጥንት መጻሕፍት ተመራማሪ ቆዳውን ሳይመረምር ስለ መጽሐፉ አይጽፍም። የጨዋታ ታሪክ ጸሐፊዎችም ይህን ልማድ ሊይዙ ይገባል።

የክርክሬ ሌላው ገጽ ለአማርኛ አንባቢ የቀረበ ነው። ቤተ እስራኤልን ወደ እስራኤል ያጓጓዘው የሙሴ ዘመቻ የተካሄደው ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ ነው፤ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ገቡ። በሁለቱ ዘመቻዎች መካከል ያሉት ዓመታት የዶስ የሚና ጨዋታዎች ያበቡባቸው ዓመታት ናቸው። ቂርያት ጋት ዛሬ ብዙ የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ያ ትውልድ ግን ወደ እነዚህ ጨዋታዎች በራሱ ቋንቋ የሚገባበት በር አልነበረውም። ጨዋታዎቹ ጽሑፍ ናቸው፤ ጽሑፉም እንግሊዝኛ ነው፤ በ«አልቲማ 4» ከመንደርተኛ ጋር ለመነጋገር ቃሉን በትክክል መተየብ ያስፈልጋል። ነገሩ የትርጉም ብቻ አልነበረም። በዶስ የጽሑፍ ስክሪን ላይ ያለው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ ግማሹን ላቲንና ምልክቶቹ ይዘውታል። ዕብራይስጥ በቃል መጨረሻ ላይ መልካቸው የሚለወጠውን ጨምሮ 27 ፊደላት ስላሉት 862 በተባለው የዶስ ገበታ ላይ ከ128ኛው ጀምሮ ተደርድሮ ተቀመጠ። የእኛ ፊደል ግን 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ገና አልተቆጠሩም። በቀሩት 128 ቦታዎች አይገባም። እንደ ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ሰዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ ፊደሉን በኮምፒውተር ለማስጻፍ የለፉት ከዚህ ግድግዳ ጋር እየታገሉ ነበር። ግድግዳው የፈረሰው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት ነው፤ ዓመቱ ፋብ 18 ቂርያት ጋት የተከፈተበት ያው 1999 ነው።

ስለዚህ ወደ እነዚህ ጨዋታዎች መመለስ ለእኛ ናፍቆት ሊሆን አይችልም፤ ያልነበሩበትን አይናፍቁምና። ሊሆን የሚችለው ያመለጠንን ዕድል መውሰድ ነው። ለዚህ የሚመች ሥራ አለ፤ «ኔትሃክ» የተባለው የዋሻ ጨዋታ ከ1987 ጀምሮ ያለ፣ ጀግናውን በአንዲት የጽሑፍ ምልክት የሚያሳይ፣ ፈቃዱም እንዲቀዳና እንዲለወጥ የሚያስችል ነው። ጃፓኖችና ጀርመኖች በየቋንቋቸው አዘጋጅተውታል። ዓረፍተ ነገሮቹ በእንግሊዝኛ ሰዋስው ስለተገጣጠሙ ሥራው ቃል በመቀየር አያልቅም፤ ፕሮግራመርም ጥሩ አማርኛ ጸሐፊም ይፈልጋል። በቂርያት ጋት ሁለቱም አሉ፤ ፕሮግራም የሚያውቁ ልጆችና አማርኛ የሞላባቸው ወላጆች በአንድ ቤት ይኖራሉ። አንባቢ ሆይ፣ ከእነዚህ አንዱ ከሆንክ ወይም ከሆንሽ፣ የፕሮግራሙን ጽሑፍ አውርዱና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሩ።